ወርቅ የተቀባው ጽና

ከቤቴ በታች የብረት በር የሚሠሩ ልጆች ሱቅ ከፍተዋል። ቀኑን ሙሉ ይበይዳሉ፣ ይሞርዳሉ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የማልችለው ሥራቸውን ሲጨርሱ ነው። የበሩን ጦር የመሰለ ጫፍ ሁሉ ወርቅማ ቀለም ይረጩበታል፤ ብረቱ ገና ትኩስ ከሆነ ቀለሙ ይጨሳል፣ ሽታውም በመስኮቴ ይገባል። ዕድሜዬን በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ያላሸተትኩት የሚከረፋ ነገር የለም። ይሄኛው ግን ደሜን ያፈላዋል። ልጆቼ «አለርጂ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ታዪ» ይሉኛል። አለርጂ አይደለም፤ ንዴት ነው። ስሜ ደስታ ነው፤ ቀልዱ ይገባኛል። ስንት ዓመት መድኃኒት ሳድል ኖሬ ለንዴት ብሎ ያዘዘ ሐኪም ግን አልገጠመኝም።

ለምን እንደምናደድ ለመናገር ከቀለሙ ሳይሆን ከእናቴ እግር መጀመር አለብኝ። እናቴ ከመታየቷ በፊት ትሰማ ነበር። በሠርጓ ቀን የተሰጣት የብር አልቦ ነበራት፤ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ አንድ ትንሽ ሻኩራ፣ ቃጭል ማለቴ ነው፣ የተንጠለጠለበት። ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ያለው መንደራችን ጭጋግ ሲጥልበት ሰው አጠገብህ እስኪደርስ አይታይም። እኔ ደጃፍ ቆሜ ጆሮዬን እጥላለሁ። ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር ከታች ከምንጩ በኩል ሲመጣ እናቴ ውኃ ቀድታ እየተመለሰች ነው ማለት ነው። የሌሎቹ ሴቶች አልቦም ይጮኻል፤ ግን የእናቱን እግር ከሌላው እግር የማይለይ ልጅ በመንደሩ አልነበረም።

ጊዜው የማን መንግሥት እንደነበረ ብትጠይቁኝ ላምታታው እችላለሁ። የማልስተው ሌላ ሌላውን ነው። ጎንደር የሚወረደው በጭነት ማኪና ነበር፤ ገብስ ከታች፣ ሰው ከላይ። ፒያሳ ስንደርስ አባቴ አቧራውን ከተፈሪ ሱሪው ላይ አራግፎ በሳንቲም ሻይና ፓስቲ ይጋብዘኛል፤ ፓስቲው የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት ጠጥቶ ፊደሉ በሁለቱም በኩል ይነበባል። ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ሰፊዎቹ መርገጫውን በዘፈኑ ምት ይረግጡታል። ወርቅ የሚታየው በሙሽራ ጆሮ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከአክስት የተዋሱት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ጎንደርን ዞር ብላችሁ እዩዋት። በሩ ወርቅማ፣ የአዳራሹ ወንበር ወርቅማ፣ የሙሽሮቹ ዙፋን ወርቅማ፣ የኬኩ ሳህን ወርቅማ። ጥፍራችሁን ብታስጠጉበት ይላጣል። የተዋሱት ወርቅ ቢያንስ ወርቅ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጥላ ይዞ ሲቀመጥ ኦሪትን ይተረጉምለታል። ያን ጊዜ የደብራችን ጽና፣ ካህኑ ፍም አድርጎ እጣን የሚያጥንበት ማለቴ ነው፣ ከማርጀቱ የተነሳ ፍሙ በቀዳዳው እየረገፈ ምንጣፉን ያቃጥል ነበር። አንድ እሑድ አባቴ የሙሴን ድንኳን ተረጎመ። ታቦቱ ከማይነቅዝ እንጨት መሆኑ ንጽሕና ነው አለ፤ በውስጥም በውጭም በወርቅ መለበጡ ደግሞ የንጹሕ ሰው ውስጡና ውጪው አንድ ስለሆነ ነው። ናሱ እሳትና ፍርድ የሚችል ነው። ብሩ በእሳት የተፈተነ ቃል ነው። የድንኳኑ ሳንቃዎች ወርቅ ለብሰው የቆሙት በብር እግር ላይ ነው፣ እግሩም መሬት ውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም። «ወርቁ የሚታየው ነው፤ ብሩ የቆመበት ነው» አለ። ቀጥሎ ካህኑ አሮን በልብሱ ጫፍ ሻኩራ ይሰፋለት እንደነበር ነገረን፤ ወደ መቅደስ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ፣ እንዳይሞት። በመጨረሻም የመታጠቢያው ሰን የተሠራው በድንኳኑ ደጅ የሚያገለግሉ ሴቶች ከሰጡት መስተዋት እንደሆነ ተናገረና «መስተዋቷን የሰጠች ሴት ምን ሰጠች?» ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ሲያዩ እኔ አይቻለሁ።

በሳምንቱ አልቧቸውን ፈትተው፣ አዲስ ጽና እንዲሠራበት በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መጡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም። ብሩን የሚያቀልጥ ሰው ግን በአካባቢው አንድ ነው፤ ወንዙ ዳር የሚኖሩት አያ ፈረደ። ቤተ እስራኤል ናቸው። ሰው ሁሉ ቀን ማረሻውንና ማጭዱን ያሠራቸዋል፣ ሲመሽ ቡዳ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ማለፊያ ሸክላ ትሠራለች። ሕጋቸው ከእኛ ጋር እንዳይነካኩ ያዛል፤ የእኛዎቹ ደግሞ ዓይኗን ይፈሩታል። እናቴና ማለፊያ ግን ይዋደዱ ነበር። መሀላቸው የድንጋይ ካብ አለ፤ እናቴ ወዲህ ትቀመጣለች፣ ማለፊያ ወዲያ፣ እኔ አጠገባቸው ጠጠር እጫወታለሁ። «እንደምን ዋልሽ ማለፊያ» ትላለች እናቴ። «እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ ሸጋ ነሽ?» ትላለች ያቺ። የወተቷን ላም፣ የልጆቻቸውን ሳል፣ የባሎቻቸውን ግትርነት ሁሉ በዚያ ካብ ላይ ያቀባብሉታል።

አያ ፈረደ የአልቦውን ቀለበት አቀለጡት፤ ሻኩራውን ግን አላቀልጥም አሉ። ሻኩራ ቀልጦ ሲሠራ ድምፁ ሌላ ይሆናል፤ እነዚህ ሴቶች ደግሞ የሰጡት ብሩን ብቻ አይደለም ብለው እያንዳንዱን እንዳለ በጽናው ሰንሰለት ላይ በየዱት። ሥራው ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ካህናቱ ጠበል ረጭተው፣ ጸሎት አድርሰው አስገቡት። አያ ፈረደ መጀመሪያ እስኪወዛወዝና ድምፁ ከውስጥ እስኪሰማ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁና ሄዱ። ይግቡ ያላቸው የለም። ይህንን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ስትመጣ አትሰማም። ጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ ስትል እደነግጣለሁ። የምትሰማው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካህኑ እያጠነ ሲያልፍ ከዚያ ሁሉ ሻኩራ መሀል አንዱን ለይታ አንገቷን ትደፋለች። «ያንቺ የቱ ነው?» ስላት «ዝም ብለሽ ስሚ» ትለኛለች።

በኋላ ቤተ እስራኤሎቹ የሄዱበት ጊዜ መጣ። የወንዙ ዳር መንደር ባዶ ሆነ፤ አያ ፈረደና ማለፊያ ከነልጆቻቸው ወደ እስራኤል ሄዱ ተባለ፣ መሰናበት እንኳ ሳይመቻቸው። በነጋታው የቤታቸውን ማገር እየነቀለ የወሰደው ቡዳ ሲላቸው የኖረው ሰው ነው። ማጭዱ ሲደነዝዝበት ደግሞ ምነው ትተውን ሄዱ ብሎ አማረረ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይሄ ነው። እናቴ በካቡ አጠገብ ስታልፍ ቆም ትል ነበር።

ይኸው አሁን እናቴ ቆብ ጭናለች፣ እማሆይ ሆናለች፤ ዓይኗ ጠፍቶ ጎንደር እኔ ቤት ትኖራለች። በየዓመቱ ለደብሯ ንግሥ መሄዷን ግን አልተወችም። ዘንድሮ ከአልጋ መነሳት እያቃታት «እንግዲህ የመጨረሻዬ ነው፤ ያቺን ድምፅ ሰምቼ ልምጣ» አለችኝ። መኪና ተኮናትሬ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኋት። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ኮሶዬ ላይ የሥጋ ቤቱ ሙዚቃ ያደነቁራል። እሷ መስኮቱን አስከፍታ ብርዱን በአፍንጫዋ ትለካለች። «ደረስን አይደል?» ትለኛለች፤ ሳትሳሳት።

ቅዳሴው ሲጋመስ አባ አስረስ፣ የእናቴ የንስሐ አባት፣ ጽናውን ይዘው ወጡ። ጽናው ቢጫ ሆኗል። ቢጫው ደግሞ የወርቅ ቢጫ አይደለም፣ የበር ጫፍ ቢጫ ነው። ፍሙ ሲግል ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ ጨሰ፣ እጣኑን ዋጠው። ፊት የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣሉ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «የማኪና ጎማ ተቃጠለ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። አባ አስረስ እያሳሉ፣ ዓይናቸው እያነባ ያጥናሉ። ሰንሰለቱ ይወዛወዛል፤ ድምፅ ግን የለም። ቀለሙ የሻኩራውን ሁሉ አፍ ደፍኖ ምላሱን አጣብቆታል። እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ጆሮዋን ወደ መቅደሱ አዘንብላ ትጠብቃለች።

«ምነው ዛሬ አያጥኑም?» አለችኝ።

«አጠኑ እኮ እማ። አሁን በፊትሽ አለፉ።»

«አለፉ?»

«አለፉ።»

«ያንቺን ድምፅ እሰማለሁ፤ የመዘምራኑንም እሰማለሁ። ይህንን ብቻ ነው የከለከለኝ» አለች። «ምን በድዬው ይሆን?»

ወደ ውጭ ይዣት ወጥቼ ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት። ጽናውን ቀለም ቀብተውት እንደሆነ፣ ሻኩራው ተጣብቆ እንደሆነ ነገርኋት። አላመነችኝም። «ጽና ማን ቀለም ይቀባዋል? እኔን ለማባበል ነው። ተይ ልጄ፣ የእግዜርን ፍርድ በሰው አታላክኪ» አለችኝ። ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ስንት ጊዜ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ አፍራ ስታለቅስ ግን አላየሁም። ይህንን ይዛ ወደ አልጋዋ እንድትመለስ አልፈቅድም አልኩ። ሄድኩና ፈለግሁት።

የፈለግሁት መኮንንን ነው፤ የአጎቴ ልጅ፣ ጎንደር ውስጥ ፎቅ የሚያቆም ኢንጂነር፣ የንግሡ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። መኪናው አጠገብ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል።

«እትዬ ደስታ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን!»

«ጽናውን የነካው ማን ነው?»

«አየሽው? አላማረም?» አለና ፈገግ አለ። «አዘዞ ድረስ ወስጄ ነው ያስረጨሁት፤ በር የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። ጠቁሮ ነበር እኮ፣ ለእንግዳ ያሳፍራል። ደግሞ ኦሪት ላይ ብር አይልም። የእጣኑ መሠዊያ በንጹሕ ወርቅ ይለበጥ ነው የሚለው። የአሮንም ሻኩራ የወርቅ ነው።»

«ንጹሕ የምትለዋን ዘለልካት።»

«እትዬ፣ ምሳሌነቱ ነው ዋናው...»

«ሻኩራው ለምን ነበር የሚሰፋለት?»

«ድምፁ እንዲሰማ ነዋ።»

«ጨርሰው።»

እኔ ጨረስኩለት። እንዳይሞት ነው አልኩት፤ አንተ ወርቁን አነበብክና ድምፁን ገደልከው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት የአንተ ሥራ ነው አልኩት። ሰው ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። መኮንን እንደሆነ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ የማን እጅ እንደሠራው ታውቂያለሽ። ስንት ሰው ቅር ይለው ነበር። ቢያንስ አሁን ተሸፈነ» አለኝ።

የቡዳ እጅ ማለቱ ነው። አባቱ አያ ፈረደ በሠሩት ማጭድ ያጨደውን እህል በልቶ ያደገ ልጅ፣ የመቅደሱን ብር ለመሸፈን የበር ቀለም አመጣለት። ምን እንዳልኩት ሁሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ጽሑፉን ልጆቼም ያነቡታል። መኪናው የኋላ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ውስጡ የተረፈ ወርቅማ ቀለምና አንድ ቆርቆሮ ቲነር አየሁ። «ይሄስ?» ስለው «ለመጾሩ መስቀል ይበቃል ብዬ» አለ። የመስቀሉ ተራ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

«ቲነሩን አውጣና ተከተለኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

አባ አስረስን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው አሁንም ቀልቷል። እኔ ሴት ነኝ፣ ምእመን ነኝ፣ ንዋየ ቅድሳት አልነካም። የማጽዳቱን ነገር ግን አውቃለሁና እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ይሥሩት አልኳቸው። አመነቱ። «ኮሚቴው የወሰነው ነገር ነው ልጄ» አሉኝ።

«አባ፣ እናቴ እግዜር ከለከለኝ ብላ ተቀምጣለች። ይህንንም ኮሚቴው ነው የወሰነው?»

ገብተው ጽናውን አመጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፍሙን አራግፈው፣ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ጨርቅ በቲነር አራሱ። እኔ ከቅርብ ቆሜ «አይፈትጉት፣ ይንከር፤ አሁን ምላሱን ቀስ ብለው» እላለሁ፤ መርፌ ቁልፌን ከነጠላዬ ላይ ነቅዬ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መኮንን ቆርቆሮውን ይዞ ቆሟል። ቀለሙ ከላይ እንደ ቆዳ ይነሳል፣ ከሥሩ ጥቁር ብር ብቅ ይላል፤ የሻኩራዎቹ ውስጥ ግን የጠነከረ ነው። አንዱ እምቢ አለ፣ ሌላው እምቢ አለ። አብዛኞቹ እስከ ዛሬ እንደተደፈኑ ናቸው፤ ለዚህ ነው ንዴቴ የማይበርደው። በመጨረሻ አንዱ ምላሱ ተላቀቀ። አባ አስረስ ሳያስቡት እጃቸው ሲነካው ቅጭል አለ።

ተነሱና ጽናውን ይዘው እናቴ ወደተቀመጠችበት መጡ። ሰንሰለቱን አወዛወዙት። ከዚያ ሁሉ ሻኩራ አንዱ ብቻ ጮኸ።

እናቴ ፊቷን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች።

«ያንቺ ነው እማ» አልኳት፤ እኔም እያለቀስኩ። «ይኸው፣ አልከለከለሽም።»

«የኔስ አይደለም» አለች።

«እንዴት?»

«የኔማ ያኔ ፈረደ ከሰንሰለቱ ጋር ሲበይደው እሳት ላይ ተሰንጥቆ ቀረ። ቡዳው በላው ብለው ባሏን እንዳይገድሉባት ፈርታ ማለፊያ ከገዛ እግሯ ፈትታ በቦታው አስገባችው። በካቡ ላይ ነገረችኝ፤ እኔም አፌን ያዝሁላት። ስሰማው የኖርሁት የሷን ነው።»

መኮንን ቀና ብሎ ጽናውን አየው፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እኔ ያየሁት አባ አስረስን ነው። ያ የማለፊያ የእግር ሻኩራ ይህን ሁሉ ዘመን መቅደስ ሲገባና ሲወጣ እንደኖረ አሁን ሰምተዋል፤ እጃቸው ላይ ነው። ያስቀምጡታል ብዬ ፈራሁ።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች እናቴ።

አባ አስረስ ጽናውን ከፍ አድርገው፣ መቅደስ ውስጥ እንደሚያጥኑት አድርገው ደገሙላት። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ በካብ ማዶ ላለ ሰው እንደሚነገረው ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ «እንደምን ዋልሽ ማለፊያ» አለች።